ድምፅ ሞልቶ አንባቢ ሲጠፋ፦ ሃይቭ ላይ እውነተኛ አንባቢ ስለ ማፍራት

ሃይቭ ጽሑፍ የሚወጣበትና ጸሐፊዎች በሚሰጣቸው ድምፅ መጠን የሚከፈላቸው የኢንተርኔት መድረክ ነው፤ እዚያ መጻፍ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ሁለት ቀን የደከመበትን ጽሑፍ አውጥቶ በማግሥቱ ገጹን ሲከፍት ሰማንያ ወይም መቶ ድምፅ ተሰጥቶት ያገኘዋል፤ ወደ ታች ወርዶ አስተያየቶቹን ሲመለከት ግን አንዱ በቦት (በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም) የተለጠፈ የእንኳን ደስ ያለህ መልእክት፣ ሌላው ደግሞ «ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ በርታ» የሚል ብቻ ነው። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው መኖሩን የሚያመለክት አንዲት ቃል እንኳ አይገኝም። እኔም ለብዙ ወራት ከጽሑፌ ሥር የሚታየውን የዶላር ቁጥር እያየሁ ሰው እያነበበኝ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ቀን ፎቶዎቹን በስሕተት ሳላስገባ ባወጣሁት የምግብ አሠራር ጽሑፍ ላይ «ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ» የሚል አስተያየት ሳነብ ነው የቁጥሩንና የንባቡን ልዩነት የተረዳሁት።

ስለዚህ አንባቢ የማፍራት ሥራ የሚጀምረው ድምፅና ንባብ ለምን እንደተለያዩ በመረዳት ነው፤ ምክንያቱን ያላወቀ ጸሐፊ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ብዕር ላይ ያደርግና ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ደግሞ ድምፅ ለማብዛት ሲሮጥ አንባቢውን ይበልጥ ያርቃል።

ድምፅ ከንባብ የተለየበት ምክንያት

የሃይቭ ታሪክ የሚጀምረው ከስቲም ነው። ስቲም የተባለው ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ የሚቀመጥ መዝገብ) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2016 ሲጀመር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እና ስቲሚት የተባለው ድረ ገጽ በዚያው ዓመት ጁላይ የመጀመሪያውን ክፍያ ሲፈጽም ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየቀኑ አዲስ ከሚፈጠረው ገንዘብ ከፊሉ ለጸሐፊዎች ይከፋፈላል፣ ክፍፍሉን የሚወስኑት ደግሞ ጽሑፉን አንብበው ድምፅ የሚሰጡት ተጠቃሚዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት ግን ሰውየው በመድረኩ ላይ ካስቀመጠው ድርሻ፣ ማለትም ከመድረኩ ገንዘብ ካቆየው መጠን፣ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብዙ ድርሻ ያለው ሰው ድምፅ ብዙ ያስገኛል፤ «ዌል» ማለትም ዓሣ ነባሪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በጁን 2017 የሽልማቱ ስሌት ተቀይሮ ከድርሻ ጋር በቀጥታ እንዲመጣጠን ከተደረገ በኋላ ድምፅ የሚሸጡ ቦቶች ተስፋፉ። ጸሐፊው ገንዘብ ከፍሎ ድምፅ ይገዛል፣ ጽሑፉም «ትሬንዲንግ» በተባለው የፊት ገጽ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የደረሰው ትልቁ ጉዳት ከገንዘቡ ይልቅ በአንባቢው ልማድ ላይ የደረሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንባቢው የፊት ገጹ በተገዛ ድምፅ የተሞላ መሆኑን ሲያውቅ እዚያ የሚወጣውን ጽሑፍ መክፈት ተወ። በኦገስት 2019 ይህን ለማረም ከሽልማቱ ግማሹ ለጸሐፊው፣ ግማሹ ለድምፅ ሰጪዎች እንዲሆን ተወሰነ፤ ተቃውሞ ድምፅ መስጠትም እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ወጪ የሌለው ሆነ። በ2020 መጀመሪያ የስቲሚት ኩባንያ ትሮን የተባለው ብሎክቼይን መሥራች በሆነው በጀስቲን ሰን ከተገዛ በኋላ በተነሣው ውዝግብ ብዙ ተጠቃሚ ተለይቶ ወጣና ማርች 20 ቀን 2020 ሃይቭ ተመሠረተ። ግማሽ በግማሽ የሆነው ክፍፍልም አብሮት መጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ግማሹ ሽልማት ለድምፅ ሰጪው የሚሄድ ከሆነ፣ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን በየቀኑ ሳያባክን መጠቀም ይፈልጋል። አንድ ሙሉ ድምፅ ካለው የድምፅ ኃይል 2 በመቶውን ይወስዳል፤ ኃይሉ ደግሞ በቀን 20 በመቶ ይመለሳል። ይህም ማለት በየቀኑ አሥር ያህል ሙሉ ድምፅ መስጠት ይቻላል ማለት ነው። በየቀኑ አሥር ጥሩ ጽሑፍ ፈልጎ ማንበብ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ማድረግ ስለማይችል «እገሌ በጻፈ ቁጥር ድምፄን ስጥልኝ» ብሎ ለአውቶማቲክ አገልግሎት ያስረክባል፣ ወይም የሚያምነው አንድ ቡድን የሰጠውን ድምፅ እንዲከተል ያደርጋል። በዚህ ሰው ላይ መፍረድ አይገባም፤ ለሚያምነው ጸሐፊ በደህና ኅሊና የሰጠው ድጋፍ ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ ሲደርስ ዓይኑ አብሮ አልደረሰም።

በዚህ ላይ የጊዜ ገደቡ አለ። ጽሑፉ በወጣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የተሰጠ ድምፅ ለሰጪው ሙሉ ድርሻ ያስገኝለታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ድርሻው በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያም ይበልጥ ዝቅ ይላል። በሰባተኛው ቀን ክፍያው ይዘጋል። ስለዚህ የሁሉም ሰው ዓይን አዲስ በወጣው ላይ ነው፤ የስምንት ቀን ጽሑፍ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለድምፅ ሰጪው ጥቅም ስለሌለው የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ከታወቀ የመጀመሪያው ተግባር ግልጽ ይሆናል። አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለእያንዳንዱ ጽሑፍዎ ሁለት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ የተለየ ነገር ጠቅሶ አስተያየት የሰጠው ሰው ብዛት፣ ከእነዚህም ውስጥ ከዚህ ቀደም በሌላ ጽሑፍዎ ላይ የተናገረው ስንት እንደሆነ። የድምፁንና የዶላሩን ቁጥር አይመዝግቡ። መጀመሪያ ላይ ገጹ በዜሮ ሊሞላ ይችላል፤ ዜሮው ግን እውነተኛ ስለሆነ ከመቶው ድምፅ ይልቅ ይጠቅማል።

(ሚዲየም በተባለው ሌላ የጽሑፍ መድረክ ላይ ለሚጽፉ ነገሩ ለየት ይላል። እዚያ ክፍያው የሚሰላው በዋናነት ደንበኝነት የከፈሉ አባላት ጽሑፉን በማንበባቸው ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ገንዘቡና ንባቡ ይቀራረባሉ። ከዚህ በታች ስለ አስተያየትና ስለ አጀማመር የምለው ግን ለዚያም ይሠራል።)

አስቀድሞ አንባቢ መሆን

ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር ይህን ክፍል እንዲወስድ እመኛለሁ። ሃይቭ ላይ አንባቢ የሚገኘው በሌሎች ጽሑፍ ሥር ነው። ጸሐፊ ሁሉ የራሱን ጽሑፍ ያነበበለትን ሰው ተርቦ ስለሚጠብቅ፣ በትክክል አንብቦ የተናገረውን ሰው አይረሳውም፤ ማን እንደሆነ ለማወቅም ስሙን ተጭኖ ወደ ገጹ ይሄዳል።

በቅርበት እንየው። አንዲት የቬንዝዌላ ሴት አሬፓ የተባለውን የበቆሎ ቂጣ አሠራር ጻፈች እንበል። ብዙ ሰው የሚጽፍላት «በጣም የሚጣፍጥ ይመስላል፤ ስላካፈልሽን እናመሰግናለን» የሚል ነው። ይህ ርእሱን ብቻ ያየ ሰውም ሊጽፈው የሚችል ስለሆነ እንዳልተነበበች ይነግራታል። አሁን ደግሞ የሚከተለውን እናነጻጽር፦ «ሊጡን ጥቂት ደቂቃ ካሳረፍሽው በኋላ ስትጠፈጥፊው ዳሩ እንዳይሰነጠቅ እጅሽን በውሃ እንደምታርሺ ጽፈሻል። እኛም አገር የበቆሎ ቂጣ አለ፣ ዳሩ ግን ሁልጊዜ ይሰነጠቅብናል። ልዩነቱን የሚያመጣው ማሳረፉ ነው ወይስ እጅን ማርጠቡ?» ይህ አስተያየት ሦስት ነገር ይዟል። ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጠቅሷል፤ ከአስተያየት ሰጪው ቤት አንድ ነገር ጨምሯል፤ ከእርሷ በቀር ሌላ ሰው ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ጠይቋል። ሴትዮዋ መመለሷ አይቀርም፤ ስትመልስም «የእናንተ ቂጣ እንዴት ነው የሚጋገረው?» ማለቷ አይቀርም። የሚቀጥለው ጽሑፍዎ ስለ በቆሎ ቂጣ ከሆነ አንድ እርግጠኛ አንባቢ ከወዲሁ አለዎት።

በቀን አምስት እንዲህ ያሉ አስተያየቶችን መጻፍ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጊዜ ከሌለዎ ጽሑፍዎን ይቀንሱ እንጂ ይህን አይቀንሱ። በሳምንት አራት ጽሑፍ አውጥቶ ማንንም ከማያነብ ሰው ይልቅ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ሃያ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ቶሎ እንደሚታወቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። የሚያነቡትንም ሲመርጡ ወደ ዓሣ ነባሪዎቹ ብቻ አይሂዱ፤ ከእነርሱ ጽሑፍ ሥር ትኩረት ለማግኘት የሚጋፋው ሰው ብዙ ነው። እርስዎ በሚጽፉበት ጉዳይ የሚጽፉ፣ እንደ እርስዎ ጥቂት አስተያየት የሚያገኙ ጸሐፊዎችን ፈልገው በቋሚነት ያንብቡ፤ አሥር ሰው ይበቃል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር አለ። በሌላ ሰው ጽሑፍ ሥር የራስን ጽሑፍ ሊንክ መለጠፍ እና «ተከተለኝ፣ እከተልሃለሁ» ማለት ሃይቭ ላይ እንደ አይፈለጌ መልእክት የሚቆጠር ነው፤ ተቃውሞ ድምፅ ያስከትላል፣ ከስምዎ አጠገብ ያለውን የዝና ነጥብም ያወርደዋል። የወረደ ነጥብ ያለው ሰው አስተያየት ደግሞ ሊደበቅ ስለሚችል፣ አንባቢ ለማግኘት የተወሰደው አቋራጭ መንገዱን ራሱን ይዘጋል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ «ድምፄ ዋጋ የለውም፣ ምን ልሰጣቸው እችላለሁ?» ይላሉ። የድምፁ ነገር እውነት ነው፤ በሃይቭ ሥርዓት አንድ ጽሑፍ ወይም አስተያየት በአጠቃላይ ያገኘው ሽልማት ከ0.02 ዶላር በታች ከሆነ ምንም አይከፈልም፣ ስለዚህ የጀማሪ ብቸኛ ድምፅ በሌላ ካልተደገፈ ብዙ ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል። በደንብ የተጻፈ አስተያየት ግን ከዚህ ስሌት ውጭ ነው፤ እንዲያውም አስተያየቱ ራሱ ድምፅ ሊያገኝ ይችላል።

በራስዎ ጽሑፍ ሥር ለሚመጣው አስተያየትም እንዲሁ ያድርጉ። በዚያው ቀን ይመልሱ፤ «አመሰግናለሁ» ብሎ መዝጋት ንግግሩን ስለሚገድለው ሰውየው ካለው ነገር አንዱን አንሥተው ይቀጥሉ። ሰውየው ራሱም የሚጽፍ ከሆነ ወደ ገጹ ሄደው የቅርብ ጽሑፉን ያንብቡለት።

በየትኛው ማኅበረሰብ፣ በየትኛው ቋንቋ

ሃይቭ በማኅበረሰቦች የተከፋፈለ ነው፤ ጽሑፍን በራስ ገጽ ላይ ብቻ ማውጣት በር በሌለው ቤት ውስጥ እንግዳ እንደ መጠበቅ ነው። ማኅበረሰብ ሲመርጡ የአባላቱን ብዛት አይዩ። አዲስ የወጡትን አሥር ጽሑፎች ከፍተው በሥራቸው ንግግር አለ ወይስ የቦት መልእክት ብቻ የሚለውን ይመልከቱ። ለምሳሌ አጫጭር ልብ ወለድ የሚወጣበት ዘ ኢንክ ዌል አንድ ታሪክ ያወጣ ሰው የሌሎችን ታሪክ አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ፣ አዲስ ሰውም ቢሆን የሚያነበው አያጣም። አትክልት ለሚተክሉ ሃይቭ ጋርደን አለ። ወደ አንድ ማኅበረሰብ ከመግባትዎ በፊት ደንቡን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ርእሱን የሳተ ጽሑፍ በማኅበረሰቡ አስተዳዳሪዎች ከዕይታ ሊደበቅ ይችላል።

የቋንቋው ጉዳይ ለእኛ ከባድ ነው፣ በግልጽም መነገር አለበት። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ ሃይቭ ውስጥ ካለው ሕዝብ የሚያነበው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ከቬንዝዌላ ጸሐፊዎች ትልቅ ትምህርት ማግኘት ይቻላል፤ ብዙዎቹ አንዱን ጽሑፍ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ላይ ያወጣሉ፣ በዚህም የአገራቸውን ሰው ሳያጡ ሌላውንም ወደ ንግግሩ ይጋብዛሉ። እርስዎም ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድመው በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ ሙሉውን በአማርኛ ቢያወጡ መልካም ነው። የአማርኛውን አንባቢ ግን ራስዎ ማምጣት ይኖርብዎታል፤ ሃይቭ ላይ ለማንበብ አካውንት ስለማያስፈልግ ሊንኩን በቴሌግራም ቡድንዎ ወይም በፌስቡክ ገጽዎ ላይ፣ ጽሑፉ የሚመልሰውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልጸው፣ መላክ ይበቃል። እንግሊዝኛዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በመተርጎሚያ መርጃ መጠቀም አያሳፍርም፣ ከጽሑፉ ሥር ግን ይግለጹት። ሃይቭ ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጽፎ እንደ ራስ ሥራ የቀረበ ጽሑፍና ከሌላ ቦታ የተቀዳ ሥራ ከባድ ተቃውሞ ይገጥማቸዋል፤ ስለዚህ መነሻው የእርስዎ እጅ መሆኑ እንዲታይ ያድርጉ።

ሰዓቱም ይታሰብበት። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በሌጎስ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በካራካስ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ሌሊት ጽፎ ሌሊቱን አውጥቶ ከመተኛት ይልቅ፣ ለሚቀጥለው ሁለት ሰዓት አስተያየት ለመመለስ በሚመችዎ ምሽት ማውጣት ይሻላል።

ስለ ጽሑፉ ራሱ

በዝርዝሩ ላይ አንባቢው የሚያየው ርእሱን፣ አንድ ሥዕልና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቃላት ነው። ከአገራችን ጸሐፊዎች የማነበው አጀማመር ብዙውን ጊዜ «ቡና በኢትዮጵያ ሕዝብ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጠው መጠጥ ነው» የሚል ነው። ሐሰት የለበትም፣ ነገር ግን ማንም ሰው ቡና ሲፈላ ሳያይ ሊጽፈው ይችላል። ይህን ደግሞ ይመልከቱ፦ «አክስቴ ቡናው ሊጠቁር ትንሽ ሲቀረው ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አንሥታ፣ ጭሱ እየተንቦለቦለ፣ በተቀመጥነው ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታዞራለች፤ ሁላችንም ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን ስበን ካላሸተትን ወደ ሙቀጫው አትሄድም።» የሌጎሱም የካራካሱም ሰው ይህን ካነበበ በኋላ ሽታው ለምን እንደሚዞር ለማወቅ ይከፍተዋል። ሥዕሉም የራስዎ ይሁን፤ ከኢንተርኔት ከተወሰደ የተዋበ ፎቶ ይልቅ በስልክዎ የተነሣ የአክስትዎ ምጣድ ይበልጣል።

በመጨረሻ ላይ «እናንተስ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመመለስ አንባቢው ራሱ ጉዳይ ፈጥሮ ማሰብ ስላለበት ዝም ይላል። «በእናንተ አገር እንግዳ ከመብላቱ ወይም ከመጠጣቱ በፊት እንዲያሸት የሚቀርብለት ነገር አለ?» ብለው ቢጠይቁት ግን ወዲያውኑ የሚያስታውሰው ነገር ይኖረዋል።

አዘውትሮ ስለ መጻፍ የእኔ አስተያየት ከብዙዎች የተለየ ነው። አውቶማቲክ ድምፅ ያላቸው ሰዎች በየቀኑ ቢጽፉ ያተርፋሉ፤ አንባቢ ግን የአንድን ሰው ሰባት ጽሑፍ በሳምንት አይሸከምም፣ ሦስተኛው ላይ ያልፈዋል፣ ከዚያም ማለፍን ይለምዳል። በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጽሑፍ በታወቀ ቀን ማውጣት ይሻላል። ክፍያው በሰባተኛው ቀን ስለሚዘጋ የቆየው ጽሑፍ ይረሳል ብለናል፤ ይህን የሚፈታው በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ፣ ነገሩ በሚነሣበት ቦታ ላይ፣ ወደ ቀድሞው ጽሑፍ የሚያመራ ሊንክ ማስገባት ነው። ጽሑፉ ብሎክቼይኑ ላይ ስለሚቆይ ከወራት በኋላም የሚመጣ አንባቢ ያገኘዋል።

አንዳንዶች አንባቢ ለመሳብ ለተሻለ አስተያየት ትንሽ ሽልማት ያዘጋጃሉ። ሽልማቱ ሰው ያመጣል፣ ነገር ግን የሚመጣው በአብዛኛው ሽልማቱ ሲቆም አብሮ የሚቆም ሰው ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት አልመክረውም።

ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደብተሩን ይክፈቱ። ከጽሑፉ ጠቅሰው የሚናገሩት ሰዎች ጨምረው የሚመለሱት ግን ከሌሉ፣ ጽሑፎችዎ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ጉዳይ ይዘው በተከታታይ ይጻፉ። ሁለቱም ቁጥር ዜሮ ከሆነና አስተያየት መጻፉን በእውነት ካላቋረጡ ማኅበረሰቡን ይቀይሩ። የሚመለሱ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ካገኙ ደግሞ የጠየቁዎትን ጥያቄዎች ከአስተያየቶቹ ውስጥ አውጥተው ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፉ፤ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ከመካከላቸው በአንዱ ጥያቄ ይጀምሩ፣ የጠያቂውንም የተጠቃሚ ስም ከፊቱ የ@ ምልክት አድርገው ያስገቡ፤ መልእክቱ ስለሚደርሰው መልሱን ለማንበብ ይመጣል።